ከፋብሪካ የወጣ ውሃ ማሳ ሳይደርስ

ድሬዳዋ ውስጥ ሻይ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ብዙም ሳይቆይ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። የአካባቢው ውሃ ከኖራ ድንጋይ ሥር ስለሚወጣ ካልሲየም ይበዛበታል። ቅርፊቱ ለጤና ብዙም የሚያሰጋ አይደለም፤ ከባድ ብረታ ብረትን ከውሃ ለማጣራት ለሚያስብ ባለሙያ ግን ቀላል እንቅፋት አይደለም።

ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የደቻቱ አሸዋ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ በመሆኑ በላዩ የተደፋ ፍሳሽ ጠርጎ የሚወስደው ወራጅ ውሃ አያገኝም፤ ወደ ታች ይሰርጋል። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣና በተመረቀበት የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ አምራቾች በገቡ ቁጥር የፍሳሽ አያያዝ የከተማው ብቻ ሳይሆን የአርሶ አደሩም ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም አይበሰብሱም። ውሃውን ማፍላትም አያጠፋቸውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚፈቅደው እርሳስ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም፣ ካድሚየም ደግሞ 0.003 ሚሊ ግራም ነው። ለመስኖ ውሃ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያስቀመጠው የካድሚየም ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ሰላጣና ቆስጣ ካድሚየምን ከአፈር ወደ ቅጠላቸው በቀላሉ ይስባሉ።

ማጣሪያው የሚሠራው ብረቱን በገጹ ላይ አጣብቆ በማስቀረት ነው። ሸክላ አፈር፣ ከቡና ገለባ የተዘጋጀ ከሰል ወይም የአጥንት ከሰል ለብቻው ይህን ያደርጋል። ነገር ግን በድሬዳዋ ዓይነት ውሃ ውስጥ በብዛት ያለው ካልሲየም ቦታውን ቀድሞ ሊይዘው ይችላል። ቅይጥ ማጣሪያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እጅግ የደቀቀ የብረት ዝገት በከሰሉ ወይም በሰው ሠራሽ ቅንጣት ውስጥ ይገባል፤ ዝገቱ ካልሲየሙን ትቶ እርሳስን አጥብቆ ይይዛል። ዝገቱ ለብቻው ቢሆን ቧንቧ ይደፍን ነበር። በህንድ ምዕራብ ቤንጋል መንደሮች በዚሁ ዘዴ አርሴኒክን ከጉድጓድ ውሃ ያስወግዳሉ።

ሆኖም አንድ ማጣሪያ ለሁሉም አይሆንም። እርሳስና ካድሚየም አሲድ በበዛበት ውሃ በደንብ አይያዙም፤ አደገኛው የክሮሚየም ዓይነት ግን የሚያዘው በአሲዳማ ውሃ ነው። ስለዚህ ማጣሪያ ከመግዛት በፊት ፍሳሹን መመርመር ግድ ይላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የጠገበው ማጣሪያ ነው። ያገለገለ ከሰል ማዳበሪያ ይመስላል። ማሳ ላይ ከተበተነ ከውሃው የወጣው ብረት ተመልሶ አፈር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 መሠረት ለብቻው ሊያዝ ይገባል። የወረዳ ባለሙያ ፋብሪካ ሲጎበኝ ማጣሪያው መኖሩን ብቻ ሳይሆን የጠገበው የት እንደሚደርስ መጠየቅ አለበት።

በፍሳሽ መውረጃ አቅራቢያ ጉድጓድ ያለው አርሶ አደር ደግሞ በጣዕምና በቀለም መተማመን የለበትም። ናሙናውን ባለሙያ ይውሰድለት፤ ብረቱ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅ ናሙናው ውስጥ ጥቂት አሲድ ይጨመራል፤ ያለዚያ ውጤቱ ከእውነቱ አንሶ ሊወጣ ይችላል።