የስፐርሶች ሆድ፣ የጋይንት እርጎ እና የብልቃጡ ባክቴሪያ

የአርሰናል ደጋፊ ሆኖ እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 2006ን የሚረሳ የለም። ሃይበሪ የተዘጋበት ቀን ነው። ቶተንሃም በአንድ ነጥብ ልዩነት አራተኛ ሆኖ፣ ከዌስትሃም ጋር ለመጫወት በዋዜማው ሆቴል ገብቷል። ሌሊቱን ግን ወደ አሥር የሚጠጉ ተጫዋቾቹ ሆዳቸውን ይዘው ሲመላለሱ አደሩ። ክለቡ ጨዋታው እንዲዘገይ ቢለምንም ሊጉ እምቢ አለ። ዌስትሃም 2 ለ 1 አሸነፈ። በዚያው ሰዓት ቲዬሪ ሄንሪ ዊጋን ላይ ሦስት አስቆጥሮ አርሰናል 4 ለ 2 ረታና አራተኛነቱን ነጠቀ። ጥፋቱ ሁሉ በላዛኛው ላይ ተደፈደፈ። በኋላ ምርመራው ምግቡን ነፃ አውጥቶ ቫይረስ ነው አለ። ስፐርሶችን የሚቀልድባቸው ሰው ግን ዛሬም ላዛኛውን አልለቀቀም።

ይህን ታሪክ ያስታወሰን የጤና ቡድናችን ተከላካይ ነው። የላይ ጋይንት ልጅ ነው፣ ነፋስ መውጫ ያደገ። ሁለት ወር ሙሉ ሆዱ እየተነፋ፣ አንዳንዴም እያስቀመጠው፣ እሁድ እሁድ ከግማሽ ሰዓት በላይ መሮጥ አቃተው። አንድ መድኃኒት ቤት ገብቶ ሲጠይቅ "ፕሮባዮቲክ" የሚል ብልቃጥ ሰጡት። ላዩ ላይ ባለ ብዙ ቢሊዮን ባክቴሪያ ይላል። ዋጋውን ሲሰማ ለወሩ የቤት አስቤዛ የያዘው ብር ትዝ አለው። "ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?" አለን። አንዱ ቀበል አድርጎ "አንተ የእርጎ አገር ልጅ፣ ባክቴሪያ በብር ትገዛለህ?" ሲል ሳቅ ሆነ። ቀልዱ ግን ቁም ነገር አለው።

ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና የሚጠቅም ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ይህን ፍቺ ያስቀመጡት እ.ኤ.አ. በ2001 በአርጀንቲናዋ ኮርዶባ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ናቸው። (አዎ፣ በ1978ቱ የዓለም ዋንጫ ኦስትሪያ ምዕራብ ጀርመንን 3 ለ 2 ያሸነፈችባት ከተማ።) እዚህ ላይ "ሕያው" እና "በበቂ መጠን" የሚሉትን ቃላት ያዙልን። እንጀራችን ከእርሾ የተነሳ ቢሆንም ምጣዱ ላይ ሲበስል ባክቴሪያው ይሞታል። እርጎ ግን አይበስልም። ከጉና ደጋ እስከ ስማዳ ቆላ፣ በእስቴም በጋይንትም፣ ወተቱ በወይራ በታጠነ ዕቃ ይቀመጥና ከወተቱና ከዕቃው በመጣ ባክቴሪያ ራሱ ይረጋል። ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። በጾም ወቅት ደግሞ ስልጆ አለ፤ እሱም በእርሾ ይብላላል።

ታዲያ እርጎ መድኃኒት ነው? እዚህ ላይ የአገር ልጅነት አይሠራም። የትኛው ባክቴሪያ ስንት እንዳለው አይታወቅም፣ ከቤት ቤት ይለያያል። ወተት የማይስማማው ሰው ብዙ ጊዜ የረጋው ይሻለዋል፤ ባክቴሪያው የወተቱን ስኳር ከፊሉን ይበላለታልና። ጥሬ ወተት ግን ብሩሴሎሲስና የላም ሳንባ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል፣ መርጋቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ወተቱን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከተፈላ ወተት በተሠራ እርጎ ማርጋት ይሻላል። የአያቶቻችንን ጣዕም ትንሽ ይቀንሳል፣ እናውቃለን።

ወደ ብልቃጡ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ 971፣ በካናዳ 886 ተቅማጥና ትውከት የያዛቸው ሕፃናት ላይ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ወጡ። ፕሮባዮቲክ የወሰዱትም ባዶ መድኃኒት የወሰዱትም ያገገሙት እኩል ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበርም በ2020 ለአብዛኛው የሆድ ችግር በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ስለዚህ ያን ሌሊት ለስፐርሶች ካፕሱል ቢታደል ኖሮ ዌስትሃምን ያሸንፉ ነበር ብለን አንምልም።

ጎል ያገባበት ሜዳም አለ። አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ከሚያመጣው ተቅማጥ እንዲተርፍ ያግዛል። በ2012 የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ፣ 13 ሰው ሲወስድ አንዱ ይተርፋል ብሎ አስልቷል። አሥራ ሁለቱ ለውጥ አላዩም ማለት ነው። መግዛት ግድ ከሆነ የባክቴሪያው ሙሉ ስም ከነዝርያው ኮድ ይኑር፣ ቁጥሩም በተመረተበት ቀን ሳይሆን እስከ ማብቂያ ቀኑ ያለው ይሁን። ፍሪጅ ይፈልጋል የተባለው ዕቃ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ተደርድሮ ካያችሁ፣ የሞተ ቡድን ደጋፊ እንዳትሆኑ። የምትጾሙ ደግሞ ካፕሱሉ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ፤ ብዙው ከእንስሳ የሚገኝ ጄላቲን ነው። የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው።

በክለብ የምትጫወቱ ልጆች አንድ ነገር ስሙን። ፕሮባዮቲክ ራሱ አበረታች መድኃኒት አይደለም። ነገር ግን በ13 አገሮች ከተገዙ 634 የተለያዩ ማሟያዎች ውስጥ 94ቱ መለያቸው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን ተገኝቶባቸው ነበር። ጡንቻ ያሳብጣል ከሚል ዱቄት ጋር የተደባለቀ ነገር አትዋጡ።

ለጓደኛችን ግን ያልነው ሌላ ነው። ሁለት ወር የቆየ ሆድ በመጀመሪያ የሰገራ ምርመራ ይፈልጋል። ጃርዲያም አሜባም በአገራችን አዲስ እንግዳ አይደሉም፣ የጨጓራ ባክቴሪያም እንዲሁ፤ ለእነሱ የታወቀ መድኃኒት አለ። ደም ከታየ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሰውነት ከቀነሰ ደግሞ ቀጠሮ ማብዛት የለም።

ጤና ጣቢያ ሄደ፣ ጃርዲያ ሆነና ታከመ። ባለፈው እሁድ ከዕረፍት በኋላ ገብቶ እስከ መጨረሻው ሮጠ። ባዶ ጎል አግኝቶ ወደ ሰማይ የላካትን ኳስ ግን በሆዱ ማሳበብ አልቻለም።