መሪው ሲገደል ቡድኑ ያበቃለታልን?

«የአሸባብ መሪ ተገደለ» የሚል ዜና ሲሰማ፣ «እንግዲህ አበቃለት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። እስቲ የሆነውን እንመልከት።

ሚያዝያ 23 ቀን 2000 ዓ.ም. አደን ሐሺ አይሮ በሶማሊያ ዱሳማረብ በአሜሪካ ሚሳይል ተገደለ፤ ቡድኑ ግን ይበልጥ ተስፋፋ። መስከረም 25 ቀን 2006 ዓ.ም. የአሜሪካ ኮማንዶዎች ኢክሪማ የተባለውን አዛዥ ፍለጋ ከባሕር ባራዌ ላይ ወረዱ፤ ተኩስ ገጥሟቸው ሳይዙት ተመለሱ። ነሐሴ 26 ቀን 2006 ዓ.ም. መሪው አሕመድ ጎዳኔ በአየር ጥቃት ሲገደል፣ በቀናት ውስጥ አሕመድ ዑመር ተተካ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ታጣቂዎቹ የአገራችንን ድንበር ጥሰው ገቡ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሙስሊሙን «ካፊር» ብሎ ደሙን ሐላል የሚያደርገው አስተሳሰብ ከመሪው ጋር አይቀበርም። ታሪካችንም ይህን ያስተምረናል። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ከኸዋሪጆች ጋር ከመዋጋታቸው በፊት ኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ.) ልከው አወያዩዋቸው፤ ብዙዎቹም ተመለሱ። የቀሩት በ38ኛው ዓመተ ሂጅራ በነህረዋን ተሸነፉ፤ መሪያቸው ዐብደላህ ኢብኑ ወህብም ተገደለ። ይሁንና በ40ኛው ዓመት ከእነርሱ ወገን የሆነ ሰው ዐሊይን ገደላቸው። ሰይፍ መሪውን ጣለ፤ ሰዎችን ከጥመት የመለሰው ግን ዒልም ነበር።

ስለዚህ በቆቦም ሆነ በራያ ቆላ ያላችሁ ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ በስልካቸው የማንን ትምህርት እንደሚያዳምጡ እወቁ። ስለ ጂሃድ ሲጠይቋችሁ አትቆጧቸው፤ የተቆጣችሁት ልጅ መልሱን ከማታውቁት ሰው ይፈልጋል። ይልቁንም ይዛችኋቸው ወደ ዓሊም ሂዱ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።