ሶላር ያዋጣል ወይ? ከጎንደር ከተማና ከሰሜን ጎንደር ደጋ የተነሣ ስሌት

«ሶላር ብንገዛ ያዋጣናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ፊዚክስ ለምናስተምር ሰዎች ዘወትር የሚቀርብልን ነው። ጠያቂው አንዳንድ ጊዜ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው የሚስተጓጎልበት የጎንደር ከተማ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ልጃቸው በኩራዝ ጭስ ውስጥ ለፈተና የሚያጠናባቸው የዳባት ገጠር አርሶ አደር ናቸው። አንዱ የዕቁብ ገንዘቡን ይዟል፤ ሌላው በጎች ሸጠዋል። ስለዚህ መልሳችን በግምት የሚሰጥ መሆን የለበትም። በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከፊዚክሱ ጀምረን፣ አንባቢ ራሱ ሊሠራው ወደሚችለው የብር ስሌት እንሄዳለን።

ብርሃን እንዴት ኤሌክትሪክ ይሆናል?

የፀሐይ ብርሃን ፎቶን የሚባሉ የኃይል ቅንጣቶችን ይዞ ይመጣል። የሶላር ሰሌዳ ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው ከሲሊከን ነው። በሲሊከኑ አንድ ወገን ጥቂት ፎስፎረስ፣ በሌላው ወገን ጥቂት ቦሮን ሲጨመር በመጋጠሚያቸው ላይ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። በቂ ኃይል ያለው ፎቶን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑን ከታሰረበት ይፈታዋል፤ መስኩም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋዋል። ሁለቱን ወገኖች በሽቦ ስናገናኝ ኮረንቲ እናገኛለን።

ብርሃን ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል በ1839 እ.ኤ.አ. አስተውሎ ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው የሲሊከን ሴል ካረፈበት ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር። ዛሬ ጥሩ የሚባሉት ሰሌዳዎች ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣሉ፤ በዓለም ገበያ ዋጋቸውም ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል።

የደጋው ፀሐይ

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ትገኛለች። የሰሜን ጎንደር ዞን ከተማ ደባርቅ ደግሞ ከዚህም ብዙ ከፍ ትላለች። ይህ ከፍታ ለሶላር ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ብርሃኑ በመንገዱ ላይ ብዙ አይዋጥም። ሁለተኛ፣ ቅዝቃዜው ይረዳል። የሲሊከን ሰሌዳ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በጨመረ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። የመተማ ቆላ ሰሌዳ ከደባርቁ በ15 ዲግሪ ቢሞቅ በዚሁ ምክንያት ብቻ 6 በመቶ ያህል ያንሳል ማለት ነው።

በዓመቱ አማካይ ሲታሰብ በዚህ ደጋ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ይቀበላል። ይሁን እንጂ ክረምቱ የራሱ ጠባይ አለው። በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ በጎንደር አናት ላይ በቀጥታ ታልፋለች፤ ሰማዩ ቢጠራ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም ነበር። ነገር ግን ወሩ የዝናብ ወር ስለሆነ ደመናው ይጋርዳታል። ስለዚህ ሶላር የሚገዛ ሰው ስሌቱን በጥር ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ደመና መፈተን ይኖርበታል።

መቶ ዋት ምን ይሠራል?

ባለ 100 ዋት ሰሌዳ በቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 500 ዋት ሰዓት ያመነጫል። በባትሪው፣ በሽቦውና በአቧራው የሚባክነው ሲቀነስ ወደ 350 ዋት ሰዓት ይቀራል እንበል። አራት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 100 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። ሬዲዮ፣ የሞባይል ቻርጅና አነስተኛ ቴሌቪዥን በቀሪው ይሠራሉ።

የእንጀራ ምጣድስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት 5,250 ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም የሰሌዳችን የ15 ቀን ምርት ነው! እንግዲህ አነስተኛ ሶላር ያበራል፣ ያናግራል፣ ያሰማል፤ እንጀራ ግን አይጋግርም።

የብሩ ስሌት

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በእጅጉ ስለተለዋወጠ፣ ከዚህ በታች ያሉት ብሮች ለስሌት ማሳያ ብቻ የያዝናቸው ናቸው። አንባቢ በአካባቢው ዋጋ ይተካቸው።

ሰሌዳው፣ መቆጣጠሪያው፣ ሽቦውና አምፖሎቹ 20,000 ብር፣ በየአምስት ዓመቱ የሚቀየረው ባትሪ 10,000 ብር ይሁን። በአሥር ዓመት ሁለት ባትሪ ስለሚያስፈልግ ጠቅላላ ወጪው 40,000 ብር ይሆናል። በቀን 350 ዋት ሰዓት በአሥር ዓመት 1,280 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። 40,000ን ለ1,280 ስናካፍል አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 31 ብር ያህል ይወጣበታል።

አሁን የሁለቱን ጠያቂዎቻችንን ቤት እንመልከት። በጎንደር ከተማ ቆጣሪ ያለው ቤተሰብ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው፣ ታሪፉ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ደረጃ በደረጃ እየጨመረም ቢሆን፣ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። ምክንያቱም የሀገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። ስለዚህ «የመብራት ክፍያ እቀንሳለሁ» ብሎ ባለ ባትሪ ሶላር የሚገዛ የከተማ ሰው አይሳካለትም። ችግሩ የመብራት መቆራረጥ ከሆነም አስቀድሞ ሌላ ነገር ይመርምር፦ የሚጠፋው ለጥቂት ሰዓታት ከሆነ መብራት ሲኖር የሚሞላ ባትሪና ኢንቨርተር ብቻውን ይበቃዋል። ሰሌዳው የሚያስፈልገው መቋረጡ ለቀናት ሲዘልቅ ነው።

የዳባቱ አርሶ አደር ግን ሶላሩን የሚያወዳድሩት ከቆጣሪ ጋር አይደለም። የሚያወዳድሩት ከነጭ ጋዝ፣ ከባትሪ ድንጋይና ገበያ ወጥተው ለሞባይል ቻርጅ ከሚከፍሉት ሳንቲም ጋር ነው። እነዚህ ሁሉ በወር 600 ብር ቢደርሱ በአሥር ዓመት 72,000 ብር ይሆናሉ። የመጀመሪያው የ30,000 ብር ወጪ በ50 ወር፣ ማለትም በአራት ዓመት ከሁለት ወር ይመለሳል። ለመብራት ብቻ የሚበቃ አነስ ያለ ሶላር ቢገዙ ደግሞ ፈጥኖ ሊመለስ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ባለ 5 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት የሚፈጀው 25 ዋት ሰዓት ነው፤ በውዱ በ31 ብር ሒሳብ እንኳ ዋጋው አንድ ብር አይሞላም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዋቶች ለአንድ ቤት ያላቸው ጥቅም ከኋለኞቹ እጅግ ይበልጣል። ጨለማን ያስወገደው አምፖል እንጂ ምጣዱ አይደለም።

ኪሳራው የሚመጣው ከየት ነው?

ስሌቱ ያዋጣል ያለው ሶላር በሁለት ዓመት ቆሞ የሚገኝበት ጊዜ አለ። አንደኛው ምክንያት መለያው ነው። እኛም በአንድ ወቅት «100 ዋት» የሚል የተጻፈበት ሰሌዳ ለዘመድ ገዝተን ነበር። ኋላ በሜትር ስንለካው 60 ሳንቲሜትር በ45 ሳንቲሜትር፣ ማለትም 0.27 ካሬ ሜትር ሆነ። ሙሉ ፀሐይ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል ነው፤ 22 በመቶ ቢለወጥ እንኳ ከ60 ዋት አያልፍም። ይህን ስሌት ከመግዛታችን በፊት አለመሥራታችን አሳፍሮናል። የልብስ ሰፊ ሜትር የያዘ ተማሪ ሁሉ ሱቅ ውስጥ ሊሠራው ይችላል።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በየቀኑ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ከተደረገ ዕድሜው ያጥራል፤ የሊቲየም ባትሪ ይበልጥ ይታገሣል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሦስተኛው ጥላ ነው። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ የአንድ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ የሰሌዳውን ምርት በእጅጉ ሊጥለው ይችላል። ሰሌዳው ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል ቢዘነበል የበጋውን ፀሐይ በደንብ ይቀበላል፤ ዝናቡም ያጥበዋል።

አራተኛው ጠጋኝ ማጣት ነው። በዚህ ረገድ በክልላችን በሰሜን ሸዋ የምትገኘው የሬማ መንደር ትምህርት ትሰጣለች። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በመንደሯና በአካባቢዋ ከ2,000 በላይ አነስተኛ ሶላሮችን ተክሏል። ሰሌዳዎቹ ባለ 10 ዋት ብቻ ነበሩ። ተጠቃሚዎች ለጥገና የሚውል ወርኃዊ ክፍያ ይከፍሉ፣ ቴክኒሻኖችም እዚያው ይሠለጥኑ ነበር። ሥራው በ2009 እ.ኤ.አ. አሽደን የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል።

ታላቁ የኅዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም ኃይሉን ከቤት የሚያደርሰው ምሰሶና ሽቦ ነው፤ በሰሜን ተራሮች ገደላ ገደል ውስጥ ምሰሶ መትከል ደግሞ ቀላል አይደለም። መስመሩ በቅርቡ ይደርሳል ከተባለ አነስተኛውን ሶላር መግዛት፣ ሩቅ ከሆነ ከፍ ያለውን ማሰብ ብልህነት ነው።

እንግዲህ ለፀጉር አስተካካዩ የምንመልሰው «መጀመሪያ ባትሪውን አስብ» የሚል ነው። ለአርሶ አደሩ ደግሞ «አዎን አባቴ፣ ያዋጣዎታል፤ ነገር ግን ሰሌዳውን ለክተው ይግዙ፣ ለባትሪውም ከአሁኑ በየወሩ ጥቂት ያስቀምጡ» እንላቸዋለን። ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያችሁ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ፣ የቤተሰባችሁን የወር ወጪ ጠይቃችሁ ስሌቱን አብራችኋቸው ሥሩ።