ጡረታ በ55 ወይስ በ60?

«ጡረታ» ሲባል እጩ መምህራን ፈገግ ይላሉ፤ ነገሩ የሽማግሌዎች ነዋ! አንጋፋ መምህራኖቻችን ግን ፈገግ አይሉም። ሰሞኑን በሻይ ሰዓት «25 ዓመት ከሞላህ በ55 ውጣና ገብስህን አርስ» የሚሉና «ኧረ እስከ 60 ጠብቅ» የሚሉ ወገኖች ሲከራከሩ ሰማን። ሁለቱም የተነጋገሩት በወሬ እንጂ በሒሳብ አልነበረም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ለአንባብያን ጉዳዩን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በሕግ የተደነገገው በ1953 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ በየጊዜው ሲሻሻል ቆይቶ አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። ከመምህሩ ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መንግሥትም በአሠሪነቱ 11 በመቶ ይከፍልለታል።

መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ለዚህ ዕድሜ የደረሰ ሠራተኛ እስከ ዕድሜ ልኩ አበል ያገኛል። ቢያንስ 25 ዓመት ያገለገለ ደግሞ በራሱ ጥያቄ ሥራ ቢለቅ አበሉን 5 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ማለት በ55 ዓመቱ፣ መቀበል ሊጀምር ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 25 ዓመት ማገልገል ብቻውን አይበቃም፤ ዕድሜውም መድረስ አለበት። በ20 ዓመቱ የተቀጠረ መምህር 25 የአገልግሎት ዓመት የሚሞላው በ45 ዓመቱ ነው። «ሞላልኝ» ብሎ ያኔ ቢለቅ ያለ ደመወዝም ያለ አበልም 10 ዓመት ይቀመጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ሒሳቡስ?

አበሉ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ 3 የአገልግሎት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ22 ዓመቱ የተቀጠረ መምህር አለ እንበል፤ ለሒሳብ እንዲቀልልን ደመወዙም አማካዩም 10,000 ብር ይሁን። በ55 ዓመቱ 33 ዓመት አገልግሏል። 30 በመቶ ላይ የ23 ዓመት ጭማሪ ሲደመር 58.75 በመቶ ይሆናል፤ ይህም በወር 5,875 ብር ነው። እስከ 60 ከቆየ አገልግሎቱ 38 ዓመት፣ መጠኑ 65 በመቶ ይሆናል። ደመወዙ ባይጨምር እንኳ 6,500 ብር ያገኛል።

«ታዲያ ለ625 ብር ብዬ 5 ዓመት የጠመኔ አቧራ ልቃም?» የሚል ይኖራል። ቆይ ወዳጄ፣ ሒሳቡ አላለቀም።

አንደኛ፣ በሥራ ላይ የቆየው ሰው በእነዚያ 5 ዓመታት የሚያገኘው ደመወዝ ነው። ከ10,000 ብሩ ላይ የጡረታ መዋጮው 700 ብር ሲቀነስ 9,300 ይቀራል። ቀድሞ የወጣው ግን የሚቀበለው 5,875 ብር ነው። ልዩነቱ በወር 3,425፣ በ60 ወር 205,500 ብር ይሆናል። የሥራ ግብር ሲታሰብ ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ደመወዝ በእርከንና በደረጃ እድገት ያድጋል፤ አበል ግን ማሻሻያ የሚደረግለት መንግሥት ሲወስን ነው። የዚያው መምህር የመጨረሻ 3 ዓመታት አማካይ 12,000 ብር ቢደርስ በ60 ዓመቱ 7,800 ብር ያገኛል። ስለዚህ ከተባባሪ መሪ መምህርነት ወደ መሪ መምህርነት ሊያድግ የተቃረበ ሰው አዲሱ ደመወዝ በአማካዩ ውስጥ ሳይገባ ቢወጣ ራሱን ጎዳ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አበሉ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ጡረተኛው ሲሞት ለባለቤቱ የሚተርፈው የአበሉ 50 በመቶ ነው። በ5,875 እና በ7,800 መካከል ያለው ልዩነት ቤት ውስጥ ለቀረችውም ይተርፋል።

ታዲያ በ55 መውጣት ስሕተት ነው? አይደለም። ጤናው የታወከ፣ ቁልቁለትና አቀበት ወጥቶ ትምህርት ቤት መድረስ የከበደው፣ ወይም በምሳሌያችን ከተቀመጠው 3,425 ብር የበለጠ በእርግጥ የሚያስገኝ ሥራ በእጁ ያለው ሰው ቢወጣ አይፈረድበትም። «በእርግጥ» የምትለዋን ቃል ግን አደራ። በእኛ ደጋ ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፣ በልጉም ይቀራል። ገና ያልተዘራን አዝመራ እንደ ደመወዝ ቆጥሮ ሥራ መልቀቅ አያዋጣም።

እጩ መምህራን፣ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው

ጡረታ የምትወጡበት ቀን የሚወሰነው በ55 ወይም በ60 ዓመታችሁ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ስትቀጠሩ የሕይወት ታሪክ ፎርም ትሞላላችሁ። ለጡረታ የሚቆጠረው እዚያ ላይ የጻፋችሁት የልደት ዘመን ነው። «ኋላ አስተካክለዋለሁ» ማለት አይሠራም።

በአጅባር አካባቢ ያስተማሩ አንድ አባት ያጫወቱን እነሆ። ሲቀጠሩ «ቀንሰህ ጻፍ፣ ብዙ ትሠራለህ» ያላቸውን ጓደኛ ሰምተው ዕድሜያቸውን በ3 ዓመት ቀነሱ። እውነተኛው 55 ሲሞላቸው ጉልበታቸው ከዳቸው፤ አገልግሎታቸው ከ25 ዓመት አልፏል፤ በወረቀት ግን ገና 52 ናቸው። «ያችን አቀበት 3 ዓመት ሙሉ በዱላ ወጣኋት፤ ማንን እከሳለሁ? የጻፈው የኔው እጅ ነው» አሉን።

አገራችን ልደት በ66ቱ ወይም በ77ቱ ድርቅ ሲቆጠር የኖረበት አገር ነው። ስለዚህ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት እናት አባትን፣ የክርስትና አባትን፣ ጎረቤትን ጠይቁ። በትምህርት ማስረጃችሁ፣ በቀበሌና በፋይዳ መታወቂያችሁ ላይ ያለው ዘመን አንድ መሆኑንም አረጋግጡ።

ሌላው ማስረጃ መያዝ ነው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ የደረጃ እድገት ደብዳቤ፣ ከአንድ ወረዳ ስትለቁ የሚሰጣችሁ የአገልግሎት ማስረጃ ቅጂው ቤታችሁ ይኑር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ ፋይል የጠፋባቸው መሥሪያ ቤቶች እንደነበሩ እናውቃለን። ቅጂ በእጁ ያለ ሰው አገልግሎቱን ለማስቆጠር አይቸገርም።

አንጋፋዎቹ ወረቀትና እርሳስ ይዘው የራሳቸውን ሒሳብ ይሥሩ፤ ከትዳር ጓደኛቸውም ጋር ይማከሩበት። እጩዎቹ ደግሞ ያችን ፎርም በእውነት ይሙሏት። ሳይቃጠል በቅጠል!