ሐረርን ከነቤተሰብ በእግር

በጅጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች የምትማሩና በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ ሁሉ፣ ስለ ሮማ ግንቦች ብትጠየቁ ሳትቸገሩ ትመልሱ ይሆናል። ከጅጅጋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኘው ስለ ጀጎል ግንብ ብትጠየቁስ? እኔ የታሪክ መምህር ነኝና ይህ ጥያቄ ቢያሳፍረኝ፣ እናቴን፣ ታናሽ ወንድሜንና እኅቴን ይዤ አንድ ቅዳሜ በማለዳ ተነሣሁ።

ካራማራን ተሻግረን፣ በዳካታ ሸለቆ አንዱ ባንዱ ላይ የተቆለሉትን አለቶች እያደነቅን፣ ከባቢሌ ለውዝ ገዝተን እየበላን ሐረር ገባን።

እናንተም ሐረር ስትደርሱ መኪናውን ተዉት። ጀጎል 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ መተላለፊያዎቹም ጠባብ ናቸውና የእግረኛ አገር ነው። በዚህች ቦታ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካነ መቃብሮች ስለሚገኙ፣ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በምሥራቅ በኩል ባለው በኤረር በር ብትገቡ መልካም ነው፤ የሱማሌ አገር ያለው በዚያ አቅጣጫ ነውና። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ተነሥቶ የሱማሌን አገር አቋርጦ ሐረር ሲደርስ፣ በከተማይቱ የቆየው አሥር ቀን ብቻ ነበር።

ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ቀፎ መስሎ በአረንጓዴ ቀለም ከተቀባው መቃብራቸው ፊት ስንቆም፣ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1551 ዓ.ም. የወደቁት ከእኒህ ሰው ሠራዊት ጋር ሲዋጉ እንደ ነበር ነገርኋቸው። ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠና፣

«ጋሼ፣ ታዲያ ጠላታችን ናቸው?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁ። በክፍል ውስጥ ዓመተ ምሕረቱን አስጽፌ አልፈው ነበር እንጂ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ልጄ፣ በመቃብር ፊት ክፉ አይነገርም፤ እውነቱ ግን አይደበቅም» አለች። እኔም፣ እኒህ ሰው ለሕዝባቸው ከተማውን ከጥፋት የጠበቁ መሪ መሆናቸውን፣ ስለዚህም እስከ ዛሬ እንደሚከበሩ አስረዳሁት።

ከዚያ ለእንግዳ ክፍት ከሆኑት የአደሬ ቤቶች ወደ አንዱ ገባን። ጫማችንን አውልቀን፣ በቁመት ከሚበላለጡት አምስት መደቦች ባንዱ ተቀመጥን። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የስፌት ሥራዎች እኅቴ አይታ አልጠግብ አለች። ወለሉ ቀይ ነው። ይህም ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን የሐረር ሰዎች እንደሚያስታውስ ይነገራል። የምኒልክ ሠራዊት የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል አድርጎ ሐረርን የያዘው በዚያ ጦርነት ነው። በትምህርት ቤት «ድል» ብዬ የማስተምረው፣ እዚያ ቤት ውስጥ ኀዘን ነው።

ከዚያም የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ስሙን በሰጠው በመኪና ግርግር መንገድ ሽቅብ ወደ ፈረስ መጋላ ወጣን። እናቴ የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ተሳለመች። ግብጾች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ገዝተው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑም የታነጸው እነርሱ በሠሩት መስጊድ ቦታ ላይ መሆኑን ለወንድሜ አልሸሸግሁትም። እርሱም ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «እንግዲያው የሐረር ልጅም እዚህ ሲቆም አባቱን እንደኔ ይጠይቅ ይሆናላ!» አለ።

አንባብያን ሆይ፣ ያን ቀን ያስተማርሁ ሳይሆን የተማርሁ እኔ ነኝ። ስለዚህ ደመወዝ ትንሽ ናት ብላችሁ አትቅሩ፤ በግንቡ ዙሪያ ያለውን 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለመዞር ከጉልበት በቀር የሚከፈል የለም። ፎቶግራፍ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ቤቶቹ ሰው የሚኖርባቸው፣ መስጊዶቹም የሚጸለይባቸው ናቸውና። ሽማግሌ ካስከተላችሁ በዳገቱ ላይ አረፍ በሉ። ከሁሉ በላይ ግን ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ የታሪኩን እኩሌታ ብቻ ነግራችሁ አትለፉ። ሁለቱን ወገን በአንድ ቀን በእግሩ ሄዶ ያየ ልጅ፣ ነገ ከጎረቤቱ ጋር ለመነጋገር አይቸገርም።