አንድ ጋላክሲ፣ ሦስት ርቀት

 

አንድ አባት እንዲህ አጫወቱኝ። ልጃቸው፣ “የአጽናፈ ዓለሙ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ከሆነ ከ33 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ የሚርቅ ጋላክሲ እንዴት ሊታይ ቻለ?” ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም “ውሸት ነው፣ ተወው” አሉት። ከዚያ ወዲህ ልጁ ምንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ቁጥሮቹ ግን አይጋጩም። ብርሃን በአንድ ዓመት 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም አንድ የብርሃን ዓመት ይባላል። ስለዚህ ሩቁን ማየት ያለፈውን ማየት ነው። ሙስሊሙ የከዋክብት ሊቅ አብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ964 እ.ኤ.አ. ገደማ እንደ ትንሽ ደመና አድርገው የመዘገቡት አንድሮሜዳ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። እሳቸው ያዩት ብርሃን ጉዞውን የጀመረው ከዚያን ያህል ዘመን በፊት ነበር።

አሁን ደብዳቤ ጽፎልን ጉዞውን የቀጠለ ዘመድ አለን እንበል። መንገዱም ራሱ እየተለጠጠ ነው። ሲጽፍ የነበረበት ቦታ፣ ደብዳቤው በመንገድ የቆየበት ጊዜ እና ዛሬ ያለበት ቦታ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ታይቶ በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ጋላክሲም እንዲሁ ነው። ብርሃኑ ሲነሳ ርቀቱ 2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነበር። ብርሃኑ 13.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ተጓዘ። ሕዋው ስለሚሰፋ ጋላክሲው ዛሬ ከ33 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቋል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የተለያየው ጥያቄው ነው።

የርቀቱ ነገር ቀላል አይደለም። ርቀቱን ካልለየን ጋላክሲው ምን ያህል ብርሃን እንደሚያመነጭ፣ በውስጡም ስንት ከዋክብት እንደሚወለዱ ማስላት አንችልም። ተመራማሪዎች ቅርቡንና ሩቁን አስተያይተው የከዋክብትን ታሪክ አንብበዋል። ከዋክብት በብዛት የተወለዱት ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነበር። ዛሬ ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወርዷል፤ ከዋክብት የሚሠሩበት ቀዝቃዛ ጋዝ እያነሰ መጥቷልና።

ወላጆች ሆይ! ያልገባንን ሁሉ ውሸት አንበል። አዲስ ቁጥር በሰማን ቁጥርም የቁርኣን አንቀጽ ለማስደገፍ አንቸኩል፤ የሰው ስሌት ነገ ሊታረም ይችላል። “አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ” ማለት አባትን አያሳንስም። እኚያም አባት ዛሬ ማታ ልጃቸውን ጠርተው ይህን ቢያጫውቱት መልካም ነው።

ወላሁ አዕለም።