ከመጸዳጃ ቤት እስከ ማዕድ፦ የዝንብ መንገድ

 

«ልጄን አሜባ ብለው መድኃኒት ሰጥተውት ነበር፤ ወር ሳይሞላው ግን ተመልሶ ታመመ» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። መድኃኒት በሆድ ውስጥ ያለውን ተሕዋስ ያጠፋል እንጂ በሽታው የመጣበትን መንገድ አይዘጋም። ከነዚህ መንገዶች አንዷ ዝንብ ናት።

ዝንብ ጥርስ ስለሌላት ደረቅ ምግብ ማኘክ አትችልም። ምራቋንና ቀደም ሲል የመጠጠችውን ፈሳሽ ምግቡ ላይ ታስመልስና ሲሟሟ መልሳ ትመጠዋለች። እዚያው ላይ ኩሷን ትጥላለች። የእግሯ ጸጉርም የረገጠችውን ቆሻሻ ይዞ ይመጣል። ከዓይነ ምድር ላይ ተነሥታ ከሆነ የመጣችው፣ ይዛቸው የምትመጣው አሜባና ጃርዲያ ምግቡን የበላውን ሰው ወዲያው ሊይዙት ይችላሉ። የወስፋት እንቁላል ግን በሽታ ለማስያዝ አፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየት አለበት። ስለዚህ ሜዳ ላይ የተጣለ ዓይነ ምድር ደረቀ ተብሎ አይናቅም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት፣ በአዲስ አበባ ድሃ መንደሮች ከተያዙ ዝንቦች የወስፋት እንቁላልንና አሜባን ጨምሮ ልዩ ልዩ የሆድ ጥገኛ ተሕዋስያን መገኘታቸውን ገልጿል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መንገዱን በሁለቱም ጫፍ እንዝጋ።

አንደኛው ጫፍ መነሻዋ ነው። በሙቀት ወራት ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ስለዚህ ቆሻሻና ፍግ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከግቢ ቢወገድ አብዛኞቹ ሳይበሩ ይቀራሉ። የመጸዳጃ ጉድጓድ ክዳን ይኑረው። የሕፃን ዓይነ ምድርም «የልጅ ነው» ተብሎ ግቢ አይጣል፤ ጉድጓድ ይግባ።

ሁለተኛው ጫፍ ማዕዳችን ነው። በረመዷን የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ተሰድሮ የሚጠብቀው ቴምር፣ ሳምቡሳና ሾርባ ተከድኖ ይቆይ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዕቃዎቻችንን እንድንሸፍን አዘዋል፤ ይህን ሱና ለመፈጸም አንድ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል።

እጅና ውኃም በሽታውን ያመጣሉና ከመጸዳጃ መልስና ከምግብ በፊት በሳሙና መታጠብ አይዘንጋ። የታመመ ልጅ ግን ተመርምሮ መድኃኒቱን በታዘዘለት መሠረት ይጨርስ።

አላህ ለልጆቻችን ዓፊያ ይስጥልን።